በለካን ቁጥር የሚለዋወጥ ቁጥር፦ ስለ ኦም ልኬት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ዲናሞ እጠመጥማለሁ፤ የቤት መስመር እዘረጋለሁ፤ ምጣድና ፓምፕ እጠግናለሁ። ሱቄ የሚመጡት ደንበኞች ብቻ አይደሉም። ከቴክኒክና ሙያ ገና የወጡ ልጆች ቴስተራቸውን ይዘው ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከአቃቂ ብቅ ይላሉ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቅድም ሌላ ነበር የሚለው።» ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። መልሱንም ሱቅ ውስጥ እንደማወራው ነው የጻፍኩት።

ሬዚስታንስ ስል ኮረንቲ በአንድ ነገር ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እገታ ማለቴ ነው። የሚለካው በኦም ነው። ቴስተር የምለው ደግሞ መልቲ ሜትሩን ነው። ፌዝ የምንፈልግበትን ካቻቢቴ አይደለም።

አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። ቴስተሬ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን ከእሱ አትጀምሩ።

ቴስተር ሬዚስታንስን በቀጥታ አያይም። ከራሱ ባትሪ ትንሽ ኮረንቲ ይልካል። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ስንት ቮልት እንደተፈጠረ ያያል። ከዚያ አካፍሎ ቁጥሩን ያሳያል። ስለዚህ የሚነግራችሁ እናንተ ስለፈለጋችሁት ዕቃ ብቻ አይደለም። በሁለቱ ጫፎች መካከል ስላለው ሁሉ ነው። የራሱ ገመድ አለበት። ጫፉ ላይ ያለው ዝገት አለበት። ጣታችሁ አለበት። ከዕቃው ጋር የተያያዘ ሌላ መስመር አለበት። የዕቃው ሙቀትና እርጥበት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል።

ልጆቹን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቁጥሩ እንዴት እንደተለዋወጠ ነው። ዘለለ ወይስ ተንሸራተተ? ድንገት ከ2 ወደ 30 የሚዘል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የንክኪ ችግር ነው፤ የላላ ብሎን፣ የቆሸሸ ጫፍ፣ ውስጡ የተበጠሰ ገመድ። ቀስ እያለ የሚወጣ ወይም የሚወርድ ከሆነ ሙቀት፣ እርጥበት ወይም ኮንደንሰር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለበት። ቀጥ ብሎ ቆሞ ግን ከምትጠብቁት የራቀ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ኮረንቲው በጎን በኩል እያለፈ ነው፣ ወይም የገመዱን አልቀነሳችሁም። ይህን አንድ ጥያቄ መመለስ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ወዲያው ጫፉን አታንሱ። አምስት ሰከንድ ያህል ያዙት፤ የሚያደርገውን ተመልከቱ።

ሁለቱን ጫፎች ሳገናኛቸው ዜሮ መሆን ሲገባው 0.4 ይላል። ምን ላድርግ?

ጤነኛ ነው። የቴስተሩ ገመድም ሽቦ ነው፤ የራሱ እገታ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 ኦም ይደርሳል። ቁጥሩን ያዙትና ከምትለኩት ላይ ቀንሱት። «ሬል» የሚል ቁልፍ ያለው ቴስተር ከሆነ ጫፎቹን አገናኝታችሁ ተጫኑት፤ ራሱ ይቀንስላችኋል።

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን አይደለችም። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 7.4 ኦም ገደማ ነው። 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር ሲመለስ 0.3 ኦም ብቻ ይሆናል። የቴስተራችሁ ገመድ 0.4 ከሆነ ከምትለኩት ነገር ይበልጣል። ሳትቀንሱ 0.7 አንብባችሁ «ሽቦው ቀጭን ነው፣ ተጭበረበርን» ብትሉ ነጋዴውን ያለ ጥፋቱ ትወቅሳላችሁ።

ጫፎቹ ተገናኝተው ሳለ ቁጥሩ ካልረጋ ግን ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። መሰኪያው ጋና እጀታው አንገት ላይ እያጠፋችሁ ሞክሩት። የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትቀጥሉበት፤ ለውጡት። ነገ 220 ቮልት የምትለኩት በዚያው ገመድ ነው።

ቴስተሩ ራሱ እውነት መናገሩን በምን አውቃለሁ?

ዋጋው የሚታወቅ ሬዚስተር ለኩበት። እኔ አምስት ሬዚስተር በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖራለሁ፤ 1 ኦም፣ 10 ኦም፣ 100 ኦም፣ 10 ኪሎ ኦምና 1 ሜጋ ኦም። ስትገዙ የስህተት መጠኑ 1 በመቶ የሆነውን ምረጡ። አምስት ቀለበት አለው፤ የመጨረሻው ቡናማ ነው። የመጨረሻው ቀለበት ወርቃማ ከሆነ 5 በመቶ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ቴስተር በ100 ኦሙ ላይ 99.6 ብሎ በ1 ሜጋው ላይ 1.4 ካለ የተበላሸው የትኛው የመለኪያ ክልሉ እንደሆነ አወቃችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ባትሪውን እዩ። የባትሪ ምልክት ብልጭ እያለ የሚሰጣችሁን ቁጥር አትመኑት። ሌላም አለ። አንድ ሰው ኦም ላይ አድርጎ ሶኬት ውስጥ የከተተው ቴስተር ማሳያው ቢሠራም ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። የተዋሳችሁትን ቴስተር ሳትፈትኑ አትለኩበት።

ቴስተሩ ጢጥ ብሏል፤ መስመሩ ደህና ነው። ታዲያ ሶኬቱ ለምን ይቃጠላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሰው ቤት ውስጥ እሳት የሚያስነሳው ይሄ ነው።

ጢጥታው መንገዱ አለመቋረጡን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ብዙ ቴስተሮች 30 ወይም 50 ኦም እስኪደርስ ድረስ ጢጥ ይላሉ። ለመስመር ፍተሻ ይህ እጅግ ብዙ ነው። አሁን ምጣድ አስቡ። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሶኬቱ ውስጥ አንድ ብሎን ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጥር፣ 16 በ16 ሲባዛ 256 ነው፤ በ0.5 ሲባዛ 128 ዋት። 128 ዋት ሙቀት በአንዲት የብሎን ራስ ላይ! የድሮው 100 ሻማ አምፖል ሶኬቱ ውስጥ ተዘግቶበት እንደመብራት ነው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ብሎኑ ይብስ ይላላል። ሲላላ እገታው ይጨምራል። እናታችን እንጀራ እየጋገሩ «የሆነ ነገር ይሸታል» የሚሉት ያኔ ነው።

ያችን ግማሽ ኦም ደግሞ ተራ ቴስተር በቅጡ አያያትም። የገመዱ እገታ ይሸፍናታል። አንዳንዴ ጭራሽ አትታይም፤ ቴስተሩ የሚልከው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ሽቦም «ደህና ነኝ» ይላል። 16 አምፔር ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው።

ስለዚህ መገናኛን በጢጥታ አታጽድቁ። ብሬከሩን አጥፉ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጥብቁ። ሽቦውን በእጃችሁ ሳብ አድርጉት። የጠቆረውን ቆርጣችሁ ጣሉ። ምጣድን ደግሞ በዲቫይደር አታሠሩ፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ከ1 ኦም በታች ያለውን ነገር ታዲያ በምን ልለካ?

መጀመሪያ ቴስተሩ ምን ያህል እንደሚችል እወቁ። መመሪያው ላይ ለምሳሌ «0.8 በመቶ ሲደመር 5 ዲጂት» ይላል። አብዛኛው ሰው መቶኛውን አይቶ ይደሰታል። ዲጂቱን ይዘለዋል። በ200 ኦም ክልል የመጨረሻዋ ዲጂት 0.1 ኦም ከሆነች 5 ዲጂት ማለት 0.5 ኦም ነው። ስለዚህ ማሳያው 0.5 ሲል እውነተኛው ከዜሮ እስከ 1 ኦም የትም ሊሆን ይችላል። ቴስተሩ አልዋሸም። አቅሙን አስቀድሞ ነግሯችኋል።

ለዚህ ሥራ የተሠራ መሣሪያ አለ። በአራት ገመድ ነው የሚለካው። ሁለቱ ኮረንቲ ይወስዳሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቮልቴጁን ያነባሉ። ቮልቴጅ በሚያነቡት ላይ ኮረንቲ እዚህ ግባ ስለማይባል የገመዱ እገታ ከሒሳቡ ይወጣል። ዋጋው ግን ለጀማሪ ከባድ ነው።

እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩበትን ላካፍላችሁ። የ12 ቮልት የመኪና ባትሪና የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 55 ዋቱን፣ አገኛለሁ። የምለካውን መስመር ከመብራት ኃይል ፈጽሞ እለያለሁ። ባትሪውን፣ አምፖሉንና የምለካውን መገናኛ በአንድ ሰንሰለት አያይዛለሁ። አምፖሉ ኮረንቲውን ይገድበዋል፤ 4.5 አምፔር አካባቢ ያልፋል። በአንድ ቴስተር አምፔሩን አያለሁ። በሌላው የመገናኛውን ሁለት ዳር ነክቼ ሚሊ ቮልቱን አነባለሁ። ሚሊ ቮልቱን ለአምፔሩ ማካፈል ነው። 45 ሚሊ ቮልት ለ4.5 አምፔር ሲካፈል 10 ሚሊ ኦም ይሆናል፤ አንድ መቶኛ ኦም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አምፔር ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ። ረስታችሁ ሶኬት ብትነኩበት ቴስተሩንም እጃችሁንም ታጣላችሁ።

ጫፎቹን በጣቴ ደግፌ መያዝ ችግር አለው?

ለትንሽ ኦም የለውም። ለትልቅ ግን አለው። ገላችንም ኮረንቲ ያሳልፋል። በተለይ እጃችን ካላበ መቶ ሺዎች ኦም ውስጥ ይገባል። ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ስትለኩ ገላችሁ 500 ኪሎ ኦም ቢሆን ማሳያው 333 ኪሎ ይላል። አንዱን ጫፍ በአዞ አፍ መቆንጠጫ ያዙት፤ ሌላውን በእጀታው ብቻ።

የምጣዴ ሽቦ ስንት ኦም መሆን አለበት? አምፖልስ ስለካ ለምን ሒሳቡ አይገጥምም?

ቮልቱን በራሱ አባዙ፤ ለዋቱ አካፍሉ። 220 በ220 ሲባዛ 48,400 ነው። ለ3500 ዋት ምጣድ 13.8 ኦም፤ ለ4000 ዋት 12.1 ኦም፤ ለ2000 ዋት የሻይ ማፍያ 24 ኦም ገደማ። የምጣድ ሽቦ ኒክሮም ስለሆነ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ለክታችሁ ማመን ትችላላችሁ። 14 ሊሆን የሚገባው 19 ካለ የሽቦው ጫፍ የታሰረበትን ብሎን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የተቃጠለው። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ እንደገና ለኩ። 9 ወይም 10 ካለ ደግሞ ሽቦው ተቆርጦ፣ አጥሮ ተቀጥሏል። እንዲህ ያለ ምጣድ ቶሎ ይግላል፤ ግን መስመሩንም ቶሎ ያቃጥላል።

የድሮው ባለ ክር አምፖል ሌላ ነው። ባለ 100 ዋቱ በሒሳብ 484 ኦም ነው። ቀዝቃዛውን ስትለኩ ግን 40 ኦም አካባቢ ይላል። የተንግስተን ክር ሲግል እገታው ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው።

ጠዋት የለካሁት ጥምጥም ከሰዓት በኋላ ለምን ጨመረ?

መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በእኛ አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የ15 ዲግሪ ልዩነት 6 በመቶ ነው። ሲሠራ የነበረ ዲናሞ ደግሞ ይብሳል። በ20 ዲግሪ 10 ኦም የነበረ ጥምጥም 80 ዲግሪ ሲደርስ 12.4 ገደማ ይሆናል። ምንም አልተበላሸም።

ሁልጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ለኩ። ካልቻላችሁ ሙቀቱን አብራችሁ ጻፉ።

ቦርድ ላይ ያለ ሬዚስተር ስለካ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። ጫፎቹን ሳገለብጥ ደግሞ ሌላ።

ኮረንቲው በጎን በኩል ሌላ መንገድ አግኝቷል። ከሬዚስተሩ ጋር ጎን ለጎን የተያያዘ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ጫፍ ሲገለበጥ የሚለወጥ ከሆነ መንገዱ ላይ ዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ወይም ትራንዚስተር አለ። ቀስ እያለ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ቴስተሩ ኮንደንሰር እየሞላ ነው። አንዱን እግር ከቦርዱ ነቅላችሁ ለኩ። ከዚያ በፊት ግን ኮንደንሰሮቹን አራግፉ። ከተነቀለ ቦርድም ላይ ሰው ይነዝራል።

ዲናሞ ስለካ የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደማወዳድር ግራ ይገባኛል።

የወፍጮ ቤት ዲናሞ ሦስት ጥምጥም አለው። ሦስቱ መመሳሰል አለባቸው። ነገር ግን በዴልታ ከታሰረ (ሦስቱ ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ከተያያዙ) በሁለት ጫፎች መካከል የምታነቡት የአንዱን ጥምጥም አይደለም። እያንዳንዱ 3 ኦም ከሆነ ማሳያው 2 ይላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ በጎን እያገዙ ነው። በስታር ከታሰረ (የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ከተገናኘ) ሁለቱን በተከታታይ ስለምታነቡ 6 ይላል። ማገናኛ ብረቶቹን ፍቱና እያንዳንዱን ለብቻው ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ዙሮቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል። ትልቅ ዲናሞ ላይ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንሽ ታገሡ። በራሱ ክልል የሚመርጥ ቴስተር ጥምጥም ላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ክልሉን በእጃችሁ ምረጡ።

የቤት ውስጥ የውኃ ፓምፕ ላይ ሦስት ሽቦ ካገኛችሁ በሁለት በሁለት ለኩ። ትልቁ ቁጥር የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። 8 እና 15 ካገኛችሁ ሦስተኛው 23 ነው። ካልገጠመ ወይ ልኬቱ ወይ ጥምጥሙ ተሳስቷል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ገላን ውስጥ የአንዲት እናት ፓምፕ ውኃ ወደ ሮቶ መግፋት አቆመ ተብዬ ሄድኩ። ለካሁ፤ ማሳያው ኦኤል አለ። መንገድ የለም ማለት ነው። «ተቃጥሏል፤ መጠምጠም አለበት» አልኳቸው። ገንዘቡን ከዕቁብ ተበድረው ከፈሉኝ። ዲናሞውን ሱቅ አሳደርኩት። ጠዋት ሳልፈታው በፊት ለካሁት፤ 9 ኦም። ፓምፑ ያለ ውኃ በደረቁ ሲሽከረከር ግሎ፣ ጥምጥሙ ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርጦት ነበር። ሲቀዘቅዝ ራሱ መልሶ አገናኘ። ገንዘባቸውን መለስኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ የጋለ ዲናሞ ላይ ፍርድ አልሰጥም።

ብሬከሩን አጥፍቻለሁ፤ ግን ኦሙ ይዋዥቃል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ያሳያል።

መስመሩ ላይ ቮልቴጅ አለ። ቴስተሩ የሚያነበው የራሱን ኮረንቲ ብቻ መሆን ሲገባው የሌላ ሰው ተቀላቅሎበታል። ረጅም መስመር ከሌላ የሚሠራ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ሲሄድ ቮልቴጅ ይጋባበታል። በከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎች ሥር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮችም ይህ ያጋጥማል። ኦም ከመለካታችሁ በፊት ሁልጊዜ በቮልት ለኩ፤ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ)፣ ኒውትራል ከኧርዝ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። «መብራት ሄዷል» ብላችሁ መስመር አትንኩ። መብራት እንደሄደ ሳይናገር ይመጣል። ጎረቤት ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለው ደግሞ ከዚያ በኩል ሊመለስባችሁ ይችላል። ብሬከሩን አጥፉ፤ ሰው እንዳያበራው ምልክት ለጥፉበት፤ ከዚያ በቮልት አረጋግጡ። ኒውትራሉንም ፍቱት። ካልፈታችሁት የሌላ ክፍል አምፖልና የተሰካ ቻርጀር ሁሉ ልኬታችሁ ውስጥ ይገባሉ።

ሜገር ስጠቀም ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል። የቱን ልጻፍ?

የ1 ደቂቃውን። ሜገር ኢንሱሌሽን (ኮረንቲ ከሽቦው እንዳይወጣ የሚከለክለውን ልባስ) የሚለካው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ለቤት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ። መጀመሪያ ሽቦው እንደ ኮንደንሰር ይሞላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከታች ተነስቶ ይወጣል። መውጣቱ የጤና ምልክት ነው። ቢወርድ ወይም ቢዘል ግን እርጥበት ወይም ቆሻሻ አለ። ለቤት መስመር ዓለም አቀፉ መመዘኛ ዝቅተኛውን 1 ሜጋ ኦም ያደርገዋል። አዲስ መስመር ግን ከዚህ እጅግ በላይ መሆን አለበት፤ 2 ሜጋ ያለ አዲስ ቤት እኔ አልረከብም።

የዲናሞ ኢንሱሌሽን በሙቀት ይወርዳል። እንደ ግምት በየ10 ዲግሪው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሜጋ የነበረው 10 ዲግሪ ሲጨምር 50፣ እንደገና 10 ሲጨምር 25። ጠዋትና ማታ ለክቶ ማወዳደር ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

ከሜገር በፊት ኤል ኢ ዲ አምፖሎችን፣ ቻርጀሮችንና ቲቪውን ንቀሉ። 500 ቮልት ያቃጥላቸዋል። ከለካችሁ በኋላም መስመሩን አራግፉ።

ምጣዴ ክረምት ላይ ይነዝራል፤ ሲግል ይተወኛል። ልኬቱም እንደዚያው ነው።

ሸክላ ውኃ ይጠጣል። ክረምት ውጭ ማድ ቤት ያደረ ምጣድ እርጥበት ይዞ ያድራል። ጠዋት በሽቦውና በቆርቆሮው አካል መካከል ሜገር ስታደርጉ ዝቅተኛ ቁጥር ታያላችሁ። ግሎ ሲደርቅ ቁጥሩ ይወጣል። የቦይለር ማሞቂያ ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይስባል።

«ሲግል ይተወኛል» ብላችሁ ግን አትለፉት። ለመንዘር አንድ ጠዋት ይበቃል። የቆርቆሮው አካል ከኧርዝ ጋር ይታሰር። ሶኬቱም እውነተኛ ኧርዝ ይኑረው። ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ የሆነባቸው ብዙ ቤቶች አይቻለሁ።

የኧርዝ ልኬቴ ነሐሴ ላይ 6 ኦም ነበር፤ ጥር ላይ 19 ሆነ። ማን ነካው?

ማንም። አፈሩ ደረቀ። ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለው መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፤ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ከኧርዝ ዘንጉም ይሸሻል። እንጦጦ ግርጌ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ጣጣ። ስለዚህ ክረምት ላይ ለክታችሁ «አለፈ» አትበሉ። በደረቁ ወር የተለካው ነው የሚታመነው። ዘንጉን ጠለቅ አድርጋችሁ ምቱት ወይም ሌላ ጨምሩበት። ጨው ለጊዜው ያወርደዋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ ብረቱንም ይበላል።

በአንድ ቀን የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የኧርዝ መለኪያው ችካሎች ናቸው፤ ከዘንጉ ርቀው በአንድ መስመር መሬት ውስጥ የሚተከሉት ሁለቱ። የሩቁ ችካል 40 ሜትር ላይ ከሆነ መካከለኛው 25 ሜትር አካባቢ ይተከላል፤ 62 በመቶ ላይ ማለት ነው። ከዚያ መካከለኛውን 3 ሜትር ወደፊትና 3 ሜትር ወደኋላ አድርጋችሁ ድገሙት። ሦስቱ ከተቀራረቡ ልኬቱ ደህና ነው። ካልተቀራረቡ የሩቁን ችካል አርቁት። ግቢው ጠባብ ከሆነ ጎረቤት አስፈቅዳችሁ በአጥር ውጭ ውሰዱት። የብረት ቧንቧ ያለበትን መስመር ግን ሽሹ።

ውድ ቴስተር ልግዛ?

ለኦም ብቻ ከሆነ መካከለኛ ቴስተርና ጥሩ ገመድ ይበቃል። ለደኅንነት ግን አትቆጥቡ። ብዙ መመሪያዎች «እስከ 2000 ሜትር ከፍታ» ይላሉ። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3000 በላይ ይወጣል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ብልጭታ ይዘልበታል። ኦሙን አይቀይረውም፤ የመከላከል አቅሙን ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለብሬከር ሳጥን ሥራ ካት 3 (የደኅንነት ደረጃው ነው)፣ 600 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚል ምረጡ፤ ከፍታውንም መመሪያው ላይ አንብቡ። መርካቶ ላይ ምልክቱን ብቻ ያተሙበትም ይሸጣል። ከተቻለ ጀርባውን ከፍታችሁ ፊውዙን እዩ። ወፈር ያለ የሴራሚክ ፊውዝ ከሌለው ተዉት።

ሌላ ባለሙያ ለክቶ ከኔ የተለየ ቁጥር ጻፈ። ደንበኛው ማንን ይመን?

ሁኔታውን የጻፈውን። «3 ኦም» ብቻ ያለ ወረቀት ማንንም አያስማማም። ከደብተሬ አንድ መስመር እንዳለ ላስቀምጥላችሁ፦

«ታኅሣሥ 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የወፍጮ ዲናሞ፣ አድሮ የቀዘቀዘ፣ ማገናኛ ብረቶቹ ተፈተዋል። 2.9፣ 3.0፣ 2.9 ኦም፤ የገመዱ 0.3 ተቀንሷል። ሜገር 500 ቮልት፣ 1 ደቂቃ፣ 85 ሜጋ ኦም።»

ያኛው ባለሙያ 2 ኦም ጽፎ ከሆነ ደውዬ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ብረቶቹን ፈትቶ ነበር ወይስ እንደታሰሩ ለካ?